ቀይ ነጥብ በኮከብ ቤት

ዌንደሊን ፕራንድል ቀዩን ነጥብ በአውራ ጣቱ ጫፍ ላይ እንደያዘ ከአጋዘኑ ቀንድ ፊት ቆሞ ቀረ። ነጥቧ የወረቀት ናት፤ ከሸሚዝ ቁልፍ አትበልጥም፤ ጀርባዋ ሙጫ አለው፤ ትለጠፋለች፣ አለቀ። ዌንደሊን በዕድሜው ስንቷን እንደለጠፈ እሱም አያውቀው። ይህችን ግን መለጠፍ አቃተው፤ ምክንያቱም ከቀንዱ ሥር ባለችው ትንሽ ሰሌዳ ላይ የተጻፈው የወንድሙ ልጅ የጉንዱላ ስም ነበር፤ ጥፋቱ ደግሞ የራሱ።

በእነዚያ ተራሮች ልማዱ እንዲህ ነው። በዓመት አንዴ፣ በረዶው መቅለጥ ሲጀምር፣ በወረዳው የተገደለ የወንድ አጋዘን ቀንድ ሁሉ ከነመንጋጋ አጥንቱ ይመጣና ለሕዝብ ይሰቀላል። ሦስት ዳኞች የጥርሱን መበላት እያዩ ዕድሜውን ይናገራሉ። አርጅቶ፣ ዘሩን ተክቶ የጨረሰ ከሆነ ለገዳዩ አረንጓዴ ነጥብ። ገና ለጋውን፣ ነገ የጫካው ጌታ የሚሆነውን የገደለ ደግሞ ቀይ። ቅጣት የለበትም፣ ፖሊስ አይመጣም። ሰው ግን አለ፤ ሰው ይበቃል። ዳቦ ጋጋሪው ያያል፣ ቄሱ ያያል፣ የልጅህ አስተማሪ ያያል። በዚያ አገር ሚስቱን በድሎ ቀና ብሎ የሚሄድ ሞልቷል፤ ቀይ ነጥብ ያለበት ግን ቤተ ክርስቲያን ሲገባ እንኳ ከምሰሶ ኋላ ነው የሚቀመጠው።

ቀንዶቹ የሚሰቀሉት በኮከብ ቤት ነው። ድሮ መስፍኑ ለአደን ያሠራው ቤት ነው፤ ስምንት ማዕዘን፣ ስምንት መስኮት። ከየመስኮቱ ፊት አንዳንድ ቀጥ ያለ መንገድ ጫካውን ሰንጥቆ ይሄድ ነበርና ከተራራው ላይ ሆነው ቁልቁል ሲያዩት ኮከብ ይመስላል። አሁን ሦስቱ መንገዶች ብቻ ቀርተዋል፤ ሌላውን ጥድ ውጦታል። ወጥ ቤቱ ለብቻው ማዶ ነው የተሠራው፤ መስፍኑ የሽንኩርት ሽታ አይወድም ነበር ይላሉ። ምግቡ ግቢውን አቋርጦ እስኪደርስለት በረዶ ይሆን እንደነበር ግን ማንም አያወራም። በሰሜን በኩል ደግሞ ጎን ለጎን ሁለት በሮች አሉ፤ አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር። ረጅሙ የሞተው አጋዘን የሚገባበት ነው፤ ቀንዱ እንዳይነካ። አጭሩ ገበሬው የሚገባበት ነው፤ እንዲያጎነብስ።

ዌንደሊን የዚህ ቤት ባለአደራ ሆኖ በጎኑ ባለችው ክፍል አርጅቷል። ቁልፉን ይይዛል፣ ምድጃውን ያነዳል፣ ለጎብኚ ያስረዳል። ዘንድሮ ጉልበቱ እምቢ ስላለው ሊለቅ ነው። ዛሬ ትርኢቱ ሲያበቃ የአዳኞች ማኅበሩ እጅ አውጥቶ ተተኪውን ይመርጣል።

ጉንዱላ ቤቱን ትፈልገዋለች። መፈለግ እንኳ አይገልጸውም። ጣሪያ ከዳኝ ናት፤ የዝግባ ጉማጅ በመጥረቢያ እየሰነጠቀች፣ ስስ ስሱን እየደረበች የምትከድን፤ በወረዳው ይህን ሙያ የያዘች እሷ ብቻ ነች። አባቷ ከሞተ ወዲህ በኮከብ ቤት ምድጃ ዳር ነው ያደገችው። ጣሪያው በስንት ቦታ እንደሚያፈስ ጣቷን እየቀሰረች ታሳያለች። የሚፎካከራት ኤጊድ ትራትነር ነው፤ ሐይቁ ዳር ሆቴል ያለው። የኤጊድ ሐሳብ ሁለቱን በሮች አፍርሶ አንድ ሰፊ የመስተዋት በር መክፈት፣ ቤቱንም የሠርግ አዳራሽ ማድረግ ነው። እስከ መጸው ድረስ ማኅበሩ ግማሽ በግማሽ ነበር። ከዚያ በኋላ ነው ነገሩ የተበላሸው።

በመጸው አንድ ቀን ጉንዱላ የመጀመሪያ አጋዘኗን ልትገድል ከአጎቷ ጋር የእንጨት ማማ ላይ ወጥታ ተቀምጣለች። ጀማሪ ለብቻው አይወጣም፤ መሪ ይኖረዋል። ዕድሜውን የሚለየው መሪው ነው፤ ጀማሪው ቃታውን ይስባል። «የመሪ አፍ የተኳሽ ጣት ነው» ይላሉ። ሌላም ይላሉ፤ «ተኳሽ መሪውን አይከስም።» ይህችን ሁለተኛዋን ያዙልኝ።

ፀሐይ ከሸንተረሩ ጀርባ ገብታለች። አንድ አጋዘን ከጥዶቹ መሐል ወጣ፤ አንገቱን ደፍቶ፣ እግሩን እየጎተተ።

«ሽማግሌ ነው» አለ ዌንደሊን በሹክሹክታ።

«አጎቴ፣ አንገቱ ቀጭን አልሆነብህም?»

«አደፋፉን አታይም? እንደዚያ የሚሄድ ሽማግሌ ነው።»

«እስቲ ዞር ይበል። እንጠብቅ።»

«ሊመሽ ነው። ተኩሺ።»

ጉንዱላ ጣቷን አላንቀሳቀሰችም። ከመነጽሩ ላይ ዓይኗን አንሥታ አጎቷን አየችው። ሊያስተውለው ይገባ ነበር ያን አስተያየት።

«ተኩሺ እኮ ነው የምልሽ።»

ተኮሰች። እንስሳው ሳይንፈራገጥ ወደቀ።

ዌንደሊን ቀኝ ዓይኑ ላይ ሞራ ነበረበት። ሐኪሙ ነግሮታል፤ እሱ ግን ለማንም ትንፍሽ አላለም። ዓይኑ የደከመ መሪ ማን ይፈልጋል? ሌላው ሰው «ዌንደሊን ከማዶ ሸንተረር የአጋዘን ቅንድብ ይቆጥራል» እያለ ሲያሞካሸው ደስ እያለው ቆየ። ያን ምሽት ያየው አንድ ጥቁር ነገር አንገቱን ደፍቶ ሲሄድ ብቻ ነው። ለጋም ቢሆን ወንዱ ሴቷን የሚያሳድድበት ወራት ሲያበቃ ደክሞ አንገቱን እንደሚደፋ ጠፍቶት አይደለም፤ ለስንቱ ጀማሪ ያስተማረው ራሱ ነው። ማየት ስላልቻለ መገመት ጀመረ፣ መገመቱን ደግሞ ማመን አፈረ። ለዚህ ነው ሁለተኛ ጊዜ ያዘዛት።

ከወደቀው አጋዘን አጠገብ ተንበርክኮ አውራ ጣቱን ወደ እንስሳው አፍ ሰደደ። የመንጋጋው ጥርስ ስል ነው፤ ምንም አልተበላም። ያኔውኑ አወቀ። አላወቅሁም ማለት አይችልም፤ ጣቱ አውቋል።

ግን ልማዱን ፈጸመ። አንድ የጥድ ቅርንጫፍ ቆርጦ ለእንስሳው የመጨረሻ ጉርሻ ብሎ በአፉ አኖረለት። ሌላዋን ደም አስነክቶ በባርኔጣው ላይ አስቀምጦ ለጉንዱላ አቀረበላት። ተኳሽ ይህችን ተቀብሎ ለሁለት ይሰብርና ግማሹን ለመራው ሰው ይሰጣል፤ ሥራው የሁለቱ ነው ማለት ነው። ጉንዱላ ልትሰብራት ስትል እጇን ያዘ።

«አይ፣ ተይው። የመጀመሪያሽ ነው፤ ሙሉውን ያዥው።»

ልጅቷ ቸርነት መስሏት ዓይኗ እንባ አቀረረ። አቅፋ ሳመችው። ጉንጩ ላይ ያረፈው መሳም እስከ ቤቱ ድረስ አቃጠለው።

መንጋጋው ተቀቅሎ ሲጸዳ እሷም አየች፣ ገባትም። አንድ ቀን ብቻ «ይሁን አጎቴ፤ ሁለታችንም ነን የነበርነው» አለችው። ከዚያ ወዲያ አላነሣችበትም። ቅርንጫፏ ባርኔጣዋ ላይ ደርቃ ቀረች።

አሁን ወደ ዛሬ ጠዋት እንመለስ። ዳኞቹ በረጅሙ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠዋል፤ ዌንደሊን፣ ዳቦ ጋጋሪው፣ ሊቀመንበሩም አምብሮስ። አምብሮስ ጡረታ የወጣ የከብት ሐኪም ነው፤ ጉንዱላን ክርስትና ያነሣት እሱ ነው፤ ሊጎዳት የሚፈልግ ሰው አይደለም። መንጋጋውን አንሥቶ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረው።

«አምስት ዓመት። ቢበዛ ስድስት። ምን ያህል ቀንድ ያወጣ ነበር መሰለህ ይኼ።» መንጋጋውን አስቀመጠ። «አብረሃት ነበርክ አይደል?»

«ነበርኩ።»

«ታዲያ እንዴት ሆነ?»

መናገር የነበረበት እዚህ ላይ ነው። ለቅሶም፣ መሐላም፣ ንግግርም አያስፈልግም ነበር። ሦስት ሰዎች ናቸው፣ በሩ ዝግ ነው፣ አምብሮስ የልጅነት ጓደኛው ነው። እኔ ነኝ ቢል ነጥቡ ቀይ መሆኑ ባይቀርም፣ ሰሌዳዋ ላይ «በመሪ ስሕተት» ተብሎ ይጻፍላት ነበር፤ እንደዚያ የሚጻፍላቸው አሉ። ዌንደሊን አፉን ከፈተ። ዓይኑ ታወሰው፣ ከማዶ ሸንተረር የሚቆጥረው ቅንድብ ታወሰው።

«ቸኮለች» አለ።

ካፍ የወጣ አፋፍ። አምብሮስ ተነፈሰ። «ጀማሪ ናት፣ ምን ታደርገዋለህ። ይኼን ለማንም አናወራም፤ ከዚህ ጠረጴዛ አይወጣም።» ከዚያም ቀዩን ነጥብ ከወረቀቱ ላይ ልጦ ሰጠው። «አንተው ለጥፍላት። ከኛ እጅ ያንተ ይሻላታል።»

እናም ለጠፈው። ትንሽ ተጣሞ ነበር፤ ሊያቃናው ቢሞክርም ሙጫው ይዟል።

ከሰዓት በኋላ አዳራሹ በሰው ታመሰ። የረጠበ የሱፍ ካፖርት ይሸታል፤ ጥሩንባ ነፊዎቹ ጥግ ላይ ከንፈራቸውን ያሟሙቃሉ። ሰው መጀመሪያ የሚያየው ቀንድ አይደለም፣ ነጥቡን ነው፤ ቀጥሎ ስሙን፤ ቀጥሎ ወደ ጎረቤቱ ጆሮ ዘንበል። ጉንዱላ ከቀንዷ አጠገብ ባርኔጣዋን ደፍታ ቆማለች። ልትሸሽ ትችል ነበር፤ አልሸሸችም። ረጅም ናት፣ ትከሻዋ የጣሪያ ሠራተኛ ትከሻ ነው፤ ሰዎቹ ሲያልፉ ትንሽ ይከብዳቸዋል።

ኤጊድ ትራትነር ቢራውን ይዞ መጣ። «ጉንዱላ፣ ዝግባም ስትቆርጪ ለጋ ለጋውን ነው እንዴ የምትመርጪው?»

«አንተ ለሠርገኛ የጥጃ ጥብስ ስታቀርብ ጥጃዋን ዕድሜሽ ስንት ነው ብለሃታል?»

ሰው ሳቀ፤ ኤጊድም ሳቀ፤ መሳቅ ያውቅበታል። ሲሄድ ግን «እንግዲህ ቤቱን የሚጠብቅ ሰው ረጋ ያለ ቢሆን ነው የሚሻለው» አለ፣ ለሷ ሳይሆን ለቆሙት። አንዳንዱ ራሱን ነቀነቀ።

ዌንደሊን ይህን ሁሉ ከምድጃው ዳር ሆኖ ሰማ። ጆሮው ጋለ። ሽፍታ እንኳ በቀን ብርሃን ሰው መሐል ሲቆም ፊቱን ይሸፍናል፤ እሱ ዳኛ የሚል ምልክት ደረቱ ላይ አድርጎ ነው የቆመው። አንድ ኩባያ ትኩስ የፖም ጭማቂ ቀድቶ ወሰደላት።

«አጎቴ፣ ፊትህ ልክ አይደለም። ቁጭ በል» አለችው።

«ጉንዱላ፣ ልነግራቸው ነው።»

ኩባያውን በሁለት እጇ ያዘች። «ተናገር ብዬህ አላውቅም። ዝም በልም አላልኩህም። ያንተ ነገር ነው።»

«ትጠዪኛለሽ?»

«ከፍቶኛል። መጥላት ግን አልጠላሁህም። ሰው ይፈራል፤ እኔም ጣሪያ ላይ ስወጣ እፈራለሁ። ዝም አልክ እንጂ አልዋሸህብኝም። እሱን ይዤ ነው የቆምኩት።»

ዌንደሊን መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። የጠዋቱን ቃል ሊነግራት አስቦ ነበር፤ ከዚህ በኋላ እንዴት አድርጎ? ትከሻዋን መታ መታ አድርጎ ሄደ፣ አሮጌ ፈሪ።

ጥሩንባው ተነፋ። ልማድ ሆኖ ከምርጫው በፊት ባለአደራው የቤቱን ታሪክ ያወራል፤ የዌንደሊን የመጨረሻው ነውና ሰው ሁሉ ጸጥ አለ። በሮቹን አሳየ፤ ሁልጊዜ ከሁለቱ በሮች ነው የሚጀምረው። ከዚያ ወደ ምሥራቁ መስኮት ወሰዳቸው።

«መስፍኑ እዚህ ይቀመጥ ነበር፤ ትራስ ባለው ወንበር። ገበሬው ገብሱን ማሳው ላይ ጥሎ፣ ጨርቅ እያውለበለበ አጋዘኑን ከሦስት ሸለቆ ይነዳለታል። መንገዱ ላይ ሲወጣ መስፍኑ ይተኩሳል፤ ሽማግሌ፣ ለጋ፣ እርጉዝ፣ ያገኘውን። የሳተውን ደግሞ ከወንበሩ ኋላ የቆመው ጠባቂ ተኩሶ ይጥልለታል።» ግድግዳው ላይ ወደ ጠቆሩት ቀንዶች አመለከተ። «የሁሉም ስም የመስፍኑ ነው። ሲመታ መስፍኑ መታ ይባላል። ሲበላሽ ግን ጠባቂው...»

ቆመ። ይህን ተረት ለስንቱ ጎብኚ አውርቶታል፤ እዚህ ቦታ ላይ ሰው ይስቅ ነበር፤ ዛሬም ሳቁ። ከሳቁ በኋላ የሚላት የመጨረሻ ቃል ነበረችው፤ «መስፍኑ ይህ ለጋ ነው፣ ይህ ሽማግሌ ነው ብሎ አንድ ቀን አልጠየቀም። እኛ እንጠይቃለን፤ ልዩነታችን ይኸው ነው» የምትል። ዛሬ ሳይላት ቀረ። ሰዎቹ ስንብት ከብዶት ነው ብለው አጨበጨቡለት።

ከዚያ የጎራዴው ነገር ይመጣል። በኮከብ ቤት ቀይ ነጥብ ያገኘ ሰው ጠረጴዛው ላይ በተነጠፈው የአጋዘን ቆዳ ላይ በሆዱ ይደፋል፤ ከሁሉ ያረጀው ዳኛ የመስፍኑን የአደን ጎራዴ ከግድግዳው አውርዶ በጠፍጣፋ ጎኑ ቂጡን ሦስት ጊዜ ይመታዋል። ድሮ የምር ነበር፤ አሁን ጨዋታ ነው፤ አያምም። የሚያመው መሳቃቸው ነው። ዘንድሮ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ከከተማ የመጣ አንድ የጥርስ ሐኪም፣ ከዚያ ጉንዱላ። የጥርስ ሐኪሙ ገና ሳይመታ እየሳቀ ተደፋ፤ ሲነሣም ቢራ አዘዘ።

ጉንዱላ ባርኔጣዋን አውልቃ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ አኖረች። የደረቀችው ቅርንጫፍ አለችበት። ሳትናገር ተደፋች።

ዌንደሊን ጎራዴውን አነሣ። «ይኸ ለቤቱ ጌታ» አለና መታ። አዳራሹ «ሆ» አለ። «ይኸ ለባልደረቦችሽ።» መታ። «ሆ።» የቀረው «ለአደን ሕግ» የሚባለው ነው። ክንዱን አነሣ። ከታቹ የወንድሙ ልጅ ጀርባ አለ፤ ሞቶ የሄደው ወንድሙ «አደራህን» ያለው። ክንዱ አልወርድ አለ።

«እኔ ነኝ» አለ።

«ምን አልክ?» አለ አምብሮስ።

«እኔ ነኝ። እንጠብቅ ብላኛለች፤ አንገቱ ቀጭን ነው ብላኛለች። ተኩሺ ያልኳት እኔ ነኝ። ሁለት ጊዜ ነው ያልኳት። ዓይኔ ሞራ አለበት፣ አይታየኝም። ለማንም አልነገርኩም። ቀዩ ነጥብ የኔ ነው።»

ዌንደሊን ደረቱ ውስጥ የሆነ ነገር ላላ አለለት። በቃ፣ ወጣ አለ በልቡ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ሲሉ ሰምቶ ነበራ።

ዳቦ ጋጋሪው ማጨብጨብ ጀመረ። ሌላው ተከተለ። አንዲት ባልቴት መሐረብ አውጥታ «አይ አጎት፤ ለኔም እንዲህ ያለ አጎት በሰጠኝ» አለች።

«ተንኮለኛ ሽማግሌ» አለ ኤጊድ እየሳቀ፤ «በመጨረሻዋ ሰዓት ድምፅ ሊሰበስብላት ነው እኮ።»

«እውነቴን ነው የምላችሁ። ዓይኔ አያይም።»

«ያንተ ዓይን?» አለ አንዱ ከኋላ። «አጋዘን ከማዶ ሆኖ ሲያዛጋ የምታይ ሰውዬ?» ሳቁ ተነሣ፤ ደግ ሳቅ፣ ሙቅ ሳቅ፤ በሚወዱት ሰው ላይ የሚስቁት።

አምብሮስ መጥቶ ትከሻውን አቀፈው። ድምፁ ለስለስ ያለ ነበር። «ዌንደሊን፣ ይበቃል። ከጠረጴዛው አይወጣም ብዬ ነበር፣ ግን አንተ ራስህን ጉድ ልትሠራ ነው። ጠዋት ስጠይቅህ ምን አልከን? ቸኮለች አላልክም? ያኔ ዳኛ ሆነህ ተናገርክ፤ አሁን አጎት ሆነህ ነው የምትናገረው። ያንተን ሐቀኝነት የማያውቅ የለም፤ ለዛሬዋ ውሸት ማንም አይቀየምህም።»

ጉንዱላ ከቆዳው ላይ ቀና አለች። ቀስ ብላ ነው ቀና ያለችው።

«ቸኮለች አልክ?»

ዌንደሊን ጎራዴውን ዝቅ አደረገ።

«ጠዋት ነው? ነጥቡን ሳትለጥፍ በፊት?»

«ጉንዱላ...»

አምብሮስ ወደሷ ዞረ። «እሺ አንቺ ንገሪና። ተኩሺ ብሎሻል?»

ሁሉም አዩዋት። አንድ «አዎ» ብትል ነገሩ ሌላ ይሆን ነበር፤ ወይ አይሆንም ነበር፤ ማን ያውቃል። እሷ ግን በዚያ ምድጃ ዳር ያደገች ናት፤ ሕጉን ያስተማራት ደግሞ ራሱ ዌንደሊን ነው።

«ተኳሽ መሪውን አይከስም» አለች።

«አያችሁ» አለ ኤጊድ በዝቅታ፤ «እሷ እንኳ አዎ አላለችም።»

እጅ ወጣ። ዌንደሊን ለጉንዱላ እጁን ሲያወጣ ከፊት ረድፍ ያሉት ፈገግ አሉለት፤ ምስኪን አጎት ዓይነት ፈገግታ። ኤጊድ በብዙ ባይሆንም አሸነፈ። አሸናፊው ለመላው ማኅበር ቢራና ጎላሽ የሚሉትን የሥጋ ወጥ ጋበዘ፤ ሰዉ ሁሉ እየተጋፋ ግቢውን አቋርጦ ወደ ወጥ ቤቱ ሄደ። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ ይባል የለ? ዌንደሊን እንባም አልመጣለት። አዳራሹ ውስጥ እሱና ጉንዱላ፣ የተሰቀሉትም ቀንዶች ብቻ ቀሩ።

ጎራዴውን አሁንም እንደያዘ ነው። ጠረጴዛው ላይ አኖረውና ራሱ ቆዳው ላይ ተደፋ። ጉልበቱ ጮኸ።

«አንሺው» አለ። «ሦስቱም ለኔ ነው። ምቺኝ።»

ጎራዴው ከእንጨቱ ላይ ሲነሣ ሰማ። ዓይኑን ጨፈነ። በጠፍጣፋው ብትመታው፣ በስለቱም ብትመታው ደስ ይለው ነበር። እንደ ልጅ ትንፋሹን ያዘ።

የተሰማው ግን ብረቱ ግድግዳው ላይ ካለው ሚስማር ጋር ሲነካካ ነው። ወደ ቦታው መልሳ ሰቅላዋለች።

«አልመታህም» አለች። «ብመታህ ይቀልሃል።»

ከዚያ ቀጭን ነገር ሲሰበር ሰማ። ዓይኑን ሲገልጥ ከአፍንጫው ፊት፣ ቆዳው ላይ፣ የደረቀችው ቅርንጫፍ ግማሽ ተቀምጣለች። ደሙ ጠቁሮባታል፤ መርፌዎቿ ረግፈው ጥቂት ናቸው የቀሩት።

«ግማሹ ያንተ ነው አጎቴ። ያን ቀንም ያንተ ነበር።»

ባርኔጣዋን ደፋች። የራሷን ግማሽ እንደያዘች በረጅሙ በር ወጣች፤ ማጎንበስ አላስፈለጋትም። ወደ ወጥ ቤቱ ሳይሆን ቁልቁል ወደ መንደሩ በሚወስደው መንገድ ስትሄድ ጫማዋ በቀለጠው በረዶ ላይ ይሰማ ነበር።

«ዌንደሊን» ብሎ አምብሮስ ከማዶ ተጣራ። «ና እንጂ፣ ላንተ ነው የምንጠጣው።»

ዌንደሊን ከቆዳው ላይ ተነሣ። ቅርንጫፏን ባርኔጣው ላይ ሰካ፣ ደም ያለባትን በኩል ወደ ውጭ አድርጎ፣ ሰው እንዲያያት። ረጅሙ በር ጉንዱላ እንደተወችው ክፍት ነበር። እሱ ግን አጭሩን በር ከፍቶ፣ አጎንብሶ ወጣ።

ወጥ ቤቱ ውስጥ ሁሉም ቆመው ጠበቁት። «ለመልካሙ አጎት» አለ አምብሮስ፤ ብርጭቆዎቹ ተጋጩ። ጎላሹ በትኩሱ ቀረበለት፣ ትልቁ ወንበር ተለቀቀለት፣ ጀርባውን ያልደባበሰው የለም። ባርኔጣውን ሳያወልቅ መሐላቸው ተቀመጠ። ስለ ቅርንጫፏ ማንም አልጠየቀውም።